የተጓደለው ወንበር እና የጋሽ ነጋሽ ፊርማ

የዶሮ ማነቂያ ንባብ ቤት ዛሬ ዶሮ ማነቂያ ውስጥ የለም። ሰፈሩ ሲፈርስ መጻሕፍቱን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅጥቀን፣ ጊዮርጊስ አጠገብ ካለ አሮጌ ፎቅ ሥር፣ ድሮ ልብስ ስፌት የነበረ ሁለት ክፍል ውስጥ አስገባናቸው። ስሙን ግን አልለወጥነውም። አንዳንዱ መንገደኛ በሩ ላይ የተለጠፈውን አንብቦ «ዶሮ ማነቂያ በእግሩ ነው እዚህ ድረስ የመጣው?» ይለናል። እኛም እንስቅለታለን።

ንባብ ቤቱን የሚመሩት ሰባት ባለአደራዎች ናቸው። ባለፈው ጥቅምት ከሰባቱ አንዱ ጋሽ አጥናፉ ስላረፉ ወንበራቸው ተጓደለ። ደንባችን የተጓደለ ወንበር በዘጠና ቀን ውስጥ በምርጫ ይሞላ ይላል። ከምርጫው በፊት ደግሞ ሦስት ሰው ያለበት ኮሚቴ ተቀምጦ፣ ማን መወዳደር ይችላል ማን አይችልም የሚለውን ያጣራል። ሰብሳቢያችን አቶ ወርቅአፈራሁ ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት ፍርድ ቤት መዝገብ ክፍል ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ የሰው ወረቀት ሲቀበሉ እንኳ መጀመሪያ ጠርዙን አስተካክለው ከዚያ የሚያነቡ ሰው። ሁለተኛዋ ሩቲ የምትባል አስተማሪ ናት። ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላትም፤ እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያናቸው ትዘምራለች፣ በአዘቦት ቀን ደግሞ የንባብ ቤቱን የአባላት ቅጽ የምትይዘው እሷ ናት። ሦስተኛው እኔ ነኝ፣ ቃለጽድቅ። ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ። ከአምስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ከእነሱ ጋር የተቀመጥኩት ሰው ሲናገር ስለማላቋርጥ ይመስለኛል።

የእጩነት መስፈርቱ ረጅም አይደለም። ለተጓደለ ወንበር የሚወዳደር ሰው ከሁለቱ አንዱን ማሟላት አለበት። ወይ ዛሬ የወረዳው ነዋሪ ይሁን፣ ወይ ደግሞ ቢያንስ ለአምስት ዓመት ስሙ በአንባቢ መዝገብ ላይ የሰፈረ ይሁን። ሁለተኛው ሐረግ የገባው ሰፈሩ ሊፈርስ በተቃረበበት ሰሞን ነው። የሚበተነው ሰው ከንባብ ቤቱ ጋር ጨርሶ እንዳይቆራረጥ ብለን አስበን ነበር ያስገባነው። እኔም እጄን ካወጡት አንዱ ነበርኩ።

ሁለት ሰው አመለከተ። አንዱ ኢዩኤል የሚባል የባንክ ሠራተኛ ነው፤ ሰፈሩ ከፈረሰ በኋላ በተሠራ አዲስ ፎቅ ላይ ተከራይቶ ይኖራል፣ መታወቂያው የወረዳው ነው። የእሱን ጉዳይ በአምስት ደቂቃ ጨርሰን ወደ ጎን አደረግነው። ሁለተኛዋ እትዬ ምብራት ናቸው።

እትዬ ምብራትን የማያውቅ የቀድሞ የዶሮ ማነቂያ ሰው የለም። ከትግራይ በልጅነታቸው አክስታቸው ዘንድ መጥተው፣ ግቢያችን እስኪፈርስ ከዚያው ሳይወጡ ኖሩ፤ አሁን ዕድሜያቸው ስልሳ አራት ነው። ኑሯቸው ጥልፍ ነበር። የእጅ ሥራቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ መጽሐፉን ከፊታቸው በርጩማ ላይ ዘርግተው፣ መርፌውንም ፊደሉንም አንድ ላይ ሲያስኬዱ አይቻለሁ። ቤታቸው ከፈረሰ ወዲህ ከከተማው ዳር ያለ ኮንዶሚኒየም ነው የሚኖሩት። ከዚያ ጊዮርጊስ ለመድረስ አንድ አውቶቡስና ሁለት ታክሲ ይፈልጋል።

ያን ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነጠላቸውን አጣፍተው ገቡ። ከቤተ ክርስቲያን ነበር የመጡት። እኔም እዚያው ስለነበርኩ ከሩቅ ተያይተን ነበር፤ ግን ስለ ጉዳዩ አንድም ቃል አልተነጋገርንም። አቶ ወርቅአፈራሁ ወንበሩን ለምን እንደፈለጉት ጠየቋቸው። ጥያቄው ቅጹ ላይ ያለ ነው፣ ለሁሉም ይቀርባል።

«ቤቴን ወሰዱብኝ አልልም» አሉ እትዬ ምብራት። «የተሰጠኝ ቤት ውሃም መብራትም አለው፣ ከድሮው ይሻላል። ግን እዚያ ማንም እኔን አያውቀኝም። ደረጃ ላይ ስንገናኝ ሰላም እንባባላለን፣ አለቀ። እዚህ በወር አንድ ቀን የምቀመጥበት ወንበር ካለኝ፣ ሰው ከየት ነሽ ሲለኝ የምመልሰው አለኝ።»

አቶ ወርቅአፈራሁ ጎንበስ ብለው ጻፉ። ከዚያ ነዋሪ ስላልሆኑ በሁለተኛው ሐረግ እንደሚታዩ ነገሯቸው። እትዬ ምብራትም ምንም አልመሰላቸው። አርባ ዓመት ያህል ከዚህ ቤት መጽሐፍ ሲወስዱ ኖረዋል፣ ይህን ደግሞ እኛ ሁላችን እናውቃለን። እኔ ከጓዳው አራቱን ትልልቅ መዝገቦች አወጣሁ። አቧራቸውን በጋዜጣ ጠርጌ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኳቸው።

የመጀመሪያውን ገለጥን፣ የለም። ሁለተኛውን ገለጥን፣ የለም። ሩቲ በጣቷ ስም በስም እየወረደች «ምብራት፣ ምብራት» እያለች ታጉተመትማለች። አራተኛውንም ዘጋን፣ የለም።

ነገሩን ለሩቲ ማስረዳት ነበረብን፤ እሷ ያኔ አልተወለደችም። የእኛ ግቢ ስምንት ቤትና አንድ ቧንቧ ነበረው። የንባብ ቤት ካርድ ለማውጣት ደግሞ ያኔ ከመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ማምጣት ግድ ነበር። ከስምንቱ ቤት ደብዳቤ ማምጣት የሚችል መሥሪያ ቤት የነበራቸው አንድ ሰው ብቻ ናቸው። ጋሽ ነጋሽ ወልደሰንበት ይባላሉ። ማተሚያ ቤት ወረቀት ተሸካሚ ነበሩ። ስለዚህ በሳቸው ስም አንድ ካርድ ወጣ፣ ግቢው በሙሉ በዚያ አንድ ካርድ አነበበ። በሌሎችም ግቢዎች እንዲሁ ነበር የሚደረገው፣ ነውር አልነበረውም። መጽሐፉ አርብ ይመጣል፣ ከቤት ቤት በተራ ይዞራል፣ በአሥራ አምስተኛው ቀን ይመለሳል። ጋሽ ነጋሽ ከዚህ ሁሉ የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለሳቸው ሳይነበብ መጽሐፉ ማንም ቤት እንዳይገባ።

የሚያነቡላቸው እትዬ ምብራት ነበሩ። ጋሽ ነጋሽ ሌሊት አሥር ሰዓት ተነስተው ሥራ ስለሚወጡ የሚተኙት በጊዜ ነው፤ ንባቡም አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ፀሐይዋ የቧንቧውን ግንብ ስትለቅ ይጀመራል። እኔ ራስ መኮንን ድልድይ ቁልፍ እየቀረፅኩ ውዬ የምገባው በዚያው ሰዓት ነው። ክፍላችንን የሚለየው በጋዜጣ የተለበጠ የጭቃ ግድግዳ ስለነበር ሁሉም ይሰማኛል። ጋሽ ነጋሽ ዝም ብለው አያዳምጡም። «ይሄ ሰውዬ ይዋሻል፣ ቆይ ታያለሽ» ይላሉ። «እስቲ እዚያች ጋ መለስ በይ፣ ምን አላት ነው ያልሽው?» ይላሉ። የሚያሳዝን ነገር ሲደርስ ውሃ ጠማኝ ብለው ይወጡና ቧንቧው ላይ ፊታቸውን ታጥበው ይመለሳሉ፤ እትዬ ምብራትም እንዳላዩ ሆነው፣ ንባቡን ያቆሙበት ላይ ጣታቸውን አድርገው ይጠብቋቸዋል። አንድ ቀን እኔ ከወዲያ ሳልኩ። ጋሽ ነጋሽ ወዲያው «ምብራት፣ ጮክ በይ እንጂ፣ ግድግዳውም ይስማ» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ነው የሚያነቡት። እኔም ማታ የሰማሁትን ገጽ በሳምንቱ ንባብ ቤት ሄጄ እየፈለግሁ፣ በቃሌ የያዝኩትን ከፊደሉ ጋር እያገጣጠምኩ አቀላጥፌ ማንበብ ለመድኩ።

ጋሽ ነጋሽ ካረፉ በኋላስ? ይህን የጠየቀችው ሩቲ ናት። ከዚያ በኋላማ እትዬ ምብራት ራሳቸው እየሄዱ ይወስዱ ነበር። ግን የያኔዋ የመጻሕፍት ኃላፊ ሙሉነሽ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አልመዘገቧቸውም። መዝገብ የማይታወቅ ሰው የሚጻፍበት ነው ብለው ነበር የሚያምኑት። የሚያውቁትን ሰው ስምህን ንገረኝ ማለት ለሳቸው ስድብ ነበር። በሳቸው ዘመን መዝገቡ ላይ የሰፈረው እንግዳው፣ ተማሪው፣ ከሌላ ሰፈር የመጣው ነው። የቤቱ ሰው የለበትም።

«ጉድ ነው» አለች ሩቲ ቀስ ብላ። «የማይታወቁት ሁሉ ብቁ ናቸው ማለት ነው።»

አቶ ወርቅአፈራሁ ግን ወደ መጀመሪያው መዝገብ ተመልሰው ቅጠሉን ያገላብጣሉ። «ነጋሽ ወልደሰንበት፣ ነጋሽ ወልደሰንበት፣ ነጋሽ ወልደሰንበት» አሉ። «አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ፣ በየአሥራ አምስት ቀኑ። እንዲህ ያለ አንባቢ በዚህ መዝገብ ሁለተኛ የለም።»

እትዬ ምብራት ሳቁ። «አንባቢ? ነጋሽ እኮ ማንበብ አይችልም ነበር።»

አቶ ወርቅአፈራሁ መነጽራቸውን አወለቁ። እሳቸው ሰባ ደረጃ ከሚባለው ሰፈር በላይ ነው ያደጉት፣ የግቢያችንን ነገር አያውቁም። ማንበብ የማይችል ሰው እንዴት ሦስት መቶ ስልሳ መጽሐፍ ፈርሞ ይወስዳል ብለው ጠየቁ። ፊርማውን ስለሚችል ነዋ፣ አሏቸው እትዬ ምብራት። ከዚያ አቶ ወርቅአፈራሁ ጣሪያ ጣሪያውን አዩ፣ ደንቡን አነሱ፣ ገለጡ፣ ፊታቸውም ፈካ አለ። ልባቸው ከመጀመሪያውም ከእትዬ ምብራት ጋር እንደነበር ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

«ተገኘ» አሉ። «በስህተት የተደረገ ምዝገባ በምስክር ይታረማል ይላል። አንባቢዋ እርስዎ ሆነው ሳለ በሌላ ሰው ስም ተመዝግቧል። ቃለጽድቅ በዓይኑ ያየ፣ በጆሮው የሰማ ምስክር ነው። የአቶ ነጋሽ ስም በቀይ ይሰረዛል፣ ከጎኑ የእርስዎ ይጻፋል፣ ሦስታችን እንፈርምበታለን። ሁሉንም መንካት አያስፈልግም። አምስት ዓመቱ ይበቃል።»

ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። የማመልከቻው ቀን የሚያበቃው በዚያው ዕለት ነበር፤ ሌላ ቀዳዳ አልነበረም። እንድመሰክር ስጠየቅ ተነስቼ ከላይ ያልኩትን ሁሉ ተናገርኩ። አቶ ወርቅአፈራሁም ከኪሳቸው ቀይ እስክሪብቶ አወጡ። ክዳኑን ነቀሉና መዝገቡን ወደ ራሳቸው ሳቡ።

እትዬ ምብራት «አንዴ ልየው» አሉ።

መዝገቡን አዙሬ ሰጠኋቸው። ጋሽ ነጋሽ በሁሉም መስመር ላይ በእጃቸው ነው የፈረሙት። በአጭሩ አይደለም፣ ሙሉ ስማቸውን ነው የሚጽፉት። «ነ»ዋ ትልቅ፣ «ጋ»ዋ ትንሽ፣ «ሽ»ዋ ደግሞ ከመስመሩ ወርዳ የጎረቤቷን ቦታ ትይዛለች። የአባታቸው ስም ቦታ ስለማይበቃው ጫፉ ላይ ተጣጥፎ ይወጣል። ከላይ ያሉት ይንቀጠቀጣሉ። ወደ ታች ሲኬድ እየጸኑ፣ እየጸኑ ይመጣሉ። በመጨረሻዎቹ ገጾች ላይ አንድ የቢሮ ሹም የፈረማቸው ይመስላሉ።

እትዬ ምብራት እጃቸውን ገጹ ላይ አድርገው ቆዩ። ከዚያ የነገሩን ነገር እኔ እንኳ የማላውቀው ነበር። በመሠረተ ትምህርት ዘመን ጋሽ ነጋሽ ቀበሌ ሄደው ጥቂት ቀን ተምረዋል፤ ስማቸው ላይ ሲደርሱ ግን አቆሙ። ስሜን ካወቅሁ ሌላውን አንቺ ታውቂልኛለሽ ብለው። መሥሪያ ቤት ደመወዝ ሲቀበሉ ከዚያ በፊት አውራ ጣታቸውን ነበር ቀለም የሚቀቡት። ስማቸውን ከለመዱ በኋላ ግን፣ የንባብ ቤቱ ካርድ ከወጣበት ቀን ጀምሮ፣ አርብ አርብ መጽሐፉን ማንም እንዳያመጣላቸው ከለከሉ፤ ራሳቸው ታጥበው፣ ኮታቸውን ለብሰው ይሄዳሉ። እትዬ ምብራት አንድ ጊዜ ዝናብ ነው እኔ ላምጣው ቢሏቸው ተቆጥተው «ፊርማውንስ ማን ይፈርምልኛል?» አሏቸው።

«ልጅ አልወለደም» አሉ እትዬ ምብራት። «ቤቱም የለም፣ ማተሚያ ቤቱም ሌላ ሆኗል። ይህን አትንካው፣ ወርቅአፈራሁ።»

አቶ ወርቅአፈራሁ እስክሪብቶውን እንደያዙ ቀሩ። እስከዚያ ድረስ እርስዎ ሲሏቸው የነበሩት ሰው «ምብራት» አሉ፣ «ስሚኝ። ሰውየውን መናቅ አይደለም። መጽሐፉን ያነበብሽው አንቺ ነሽ። በአንድ መስመር ላይ ሁለት አንባቢ መጻፍ አልችልም። ወይ እሱ ነው ወይ አንቺ።»

ሩቲ መስማትም ማንበብ ነው ተብሎ ቢጻፍስ ብላ ጠየቀች። ለሁለቱም ይጠቅማል፣ ማንም አይሰረዝም አለች። አቶ ወርቅአፈራሁ ይህን ለማለት ደንቡ መሻሻል እንዳለበት፣ ደንብ የሚያሻሽለው ደግሞ ጠቅላላ ጉባኤ ብቻ እንደሆነ፣ ጉባኤው የሚሰበሰበው በዓመት አንዴ እንደሆነ በትዕግሥት ነገሯት። እኔም በልቤ፣ ቅዳሴ ላይ መጽሐፉን የሚያነበው አንድ ዲያቆን ነው፣ የቀረነው ቆመን እንሰማለን፣ ግን አልደረሰኝም ብሎ የሚወጣ ሰው አላየሁም አልኩ። ልናገረው አፌን ከፍቼ ነበር፤ ለሩቲ የተሰጣትን መልስ ከሰማሁ በኋላ ተውኩት።

«ቀኑ ዛሬ ነው የሚያበቃው?» አሉ እትዬ ምብራት።

«ዛሬ ነው።»

«እንግዲያው አንባቢው እሱ ነው።» መዝገቡን ዘግተው ወደኔ ገፉት። ነጠላቸውንም እንደገና አስተካከሉ።

አቶ ወርቅአፈራሁ የቀዩን እስክሪብቶ ክዳን መልሰው ገጠሙ። ከዚያ ለእኔ ውሳኔውን ማስጻፍ ጀመሩ። አመልካቿ የወረዳው ነዋሪ ባለመሆናቸው፣ ስማቸውም በአንባቢ መዝገብ ላይ ባለመገኘቱ፣ ለተጓደለው ወንበር ለመወዳደር መስፈርቱን አላሟሉም። ነጥብ። እንደ ጀማሪ ፊደል በፊደል ነበር የምጽፈው። ጽፌ ስጨርስ እንዲፈርሙበት ወረቀቱን ሰጠኋቸው። እትዬ ምብራት ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ጎደሎ ነው» አሉ።

አቶ ወርቅአፈራሁ ምን እንደጎደለው ጠየቁ።

«ስሜ ለምን አልተገኘም? ምክንያቱ የለበትም። ፍርድ ቤት ሠላሳ ዓመት ስትሠራ ምክንያት የሌለው ውሳኔ ተቀብለህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«እንግዲያው አስጽፋ። እኔ የወደቅሁት አንባቢው ሌላ ሰው ስለሆነ ነው። ማን እንደሆነ ጻፉ።»

አቶ ወርቅአፈራሁ ደንቡን ሊገልጡ እጃቸውን ሰደዱ፣ ግን አልገለጡትም። የወረቀቱን ጠርዝ በአውራ ጣታቸው ደጋግመው ዳሰሱ። ከዚያ እንደ ችሎት ቀስ ብለው፣ እኔም እንድደርስባቸው በየመሀሉ እየቆሙ፣ «በመዝገቡ ላይ ለአሥራ አምስት ዓመት ያለማቋረጥ የሰፈሩት አንባቢ አቶ ነጋሽ ወልደሰንበት መሆናቸውን፣ ፊርማውም የራሳቸው መሆኑን ኮሚቴው በምስክር አረጋግጧል» አሉ።

«እንዲህ ነው» አሉ እትዬ ምብራት፣ ፈረሙም። ሩቲ ፈረመች፣ እኔም ፈረምኩ። አቶ ወርቅአፈራሁ ማኅተሙን መቱበት፤ ቀለሙ ስላልወጣላቸው እፍ ብለው እንደገና መቱት።

ኢዩኤል ብቸኛ እጩ ሆኖ ቀረ። ጥሩ ልጅ ነው፣ እኔ ምንም አልልበትም።

እትዬ ምብራት ለመሄድ ሲነሱ ሩቲ ከመሳቢያዋ አንድ ቅጽ አውጥታ በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። አሁን በአንባቢነት ቢመዘገቡ አምስት ዓመቱ ከዛሬ ይቆጠርላቸዋል አለች፤ ይህን ስትል አፍራ ነበር፣ ሰው በስልሳ አራት ዓመቱ ጀማሪ አንባቢ ነህ ሲባል ምን እንደሚሰማው ስለገባት። ቤት ወስደው ሞልተው ቢያመጡትም ይቻላል አለቻቸው። እሳቸው ግን ቁጭ ብለው እዚያው ሞሉት። ነገ ከሞላሁት አንድ ቀን ይዘገይብኛል አሉ። ሥራ በሚለው ቦታ ላይ ጥልፍ፣ የትምህርት ደረጃ በሚለው ላይ ደግሞ ጥቂት አሰቡና ማንበብ ብለው ጻፉ።

እስከ ታክሲው ድረስ ሸኘኋቸው። ድሮ ሰፈራችን በነበረበት ላይ የተሠራው መንገድ ሰፊ ነው፣ ዛፍ ተተክሎበታል፣ ማታ ማታ መብራቱ ያምራል ይላሉ። ቁልቁል ስንወርድ እሳቸው በግራ በኩል የማይታዩ ቤቶችን በጣታቸው እያሳዩኝ ይሄዳሉ። እዚህ ጋ የወተት ቤቷ፣ እዚህ ጋ የጫማ ሰፊው በር፣ እዚህ ጋ ቧንቧችን። እኔ ደግሞ ቧንቧው ትንሽ ወደ ላይ ነው እላለሁ። ቆመን ተከራከርን። ሁለታችንም እርግጠኛ አልነበርንም። አንድ ብስክሌት የሚነዳ ልጅ ደወል ደወለብንና ወደ ዳር ወጣን።

ራስ መኮንን ድልድይ ጋ የታክሲው ሰልፍ ረጅም ነበር። እስኪደርሳቸው አብሬያቸው ቆምኩ። በጣም እንዳዘንኩ ልነግራቸው ስል፣ እሳቸው በጣታቸው እየቆጠሩ ነበር።

«ስልሳ ዘጠኝ ዓመቴ ይሆናል» አሉ። «አጥናፉ ሲመረጥ ስንት ነበር?»

«ሰባ አንድ።»

«እና ምን አለበት። ደንባችሁ ላይ የዕድሜ ጣሪያ አለ እንዴ?»

የለም አልኳቸው። ደንቡን በቃሌ ነው የማውቀው፣ ስለ ዕድሜ የሚል አንድም አንቀጽ የለውም።

ረዳቱ «አንድ ሰው፣ አንድ ሰው» እያለ ይጣራ ነበር። እትዬ ምብራት እጄን ያዝ አድርገው ታክሲው ላይ ወጡና በመስኮቱ በኩል ጎንበስ አሉ።

«የዕድሜ አንቀጽ እንዳታስገቡበት» አሉኝ።